ወደ ደጋ የወጣ እንቍላል

(በራዲዮ ከተነገረው)

«ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ምሳሌው የተነገረው ስለ ትዕግሥት ነው። ዛሬ የማነሣላችሁ ግን በእግሩ ስለሚሄደው ሳይሆን በቅርጫት ተደርድሮ በመኪና ስለሚሄደው እንቍላል ነው። ይኸውም በቤቱ ጫጩት ለማስፈልፈል ከሩቅ አገር እንቍላል የሚያስመጣ ሰው ምን እንደሚገጥመውና ነገሩስ ከየት እንደ መጣ ከታሪክ ጋር አያይዤ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለዚህ ምክንያት የሆነኝ አንድ አጋጣሚ ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ አንድ ወዳጄ ደመወዙን ለመደጎም አስቦ ከቢሾፍቱ አካባቢ 30 የፈረንጅ ዶሮ እንቍላል አስመጣና በኤሌክትሪክ በሚሠራ ትንሽ የመፈልፈያ ሣጥን ውስጥ አስገባ። 21ኛው ቀን ሲደርስ የወጡት ጫጩቶች 6 ብቻ ሆኑ። የቀሩትን ሰብሮ ቢመለከት ብዙዎቹ ላባ አብቅለው፥ ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው በቅርፊታቸው ውስጥ ሞተው ነበር። በዚያው ሰሞን አንኮበር የሚኖሩት አማቱ በሰባራ ጋን ውስጥ ጭድ ጎዝጕዘው ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ 12 እንቍላል አስታቅፈው ኖሮ 10 ጫጩት አገኙ። ወዳጄ ይህን ባየ ጊዜ «ሻጩ አታለለኝ፤ የቆየ እንቍላል ሸጠልኝ» ብሎ ፈረደ፤ እከሰዋለሁ እስከ ማለትም ደረሰ።

እንግዲህ ይህ ፍርድ ትክክል ነበርን? መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ዶሮ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተነሣች ብትሆንም ለአገራችን እንግዳ አይደለችም። በምሥራቅ ትግራይ በጉሎ መከዳ ወረዳ መዝበር በተባለ ስፍራ፥ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ የገበሬ መንደር ፍርስራሽ ውስጥ፥ የጥንት ቅርስ መርማሪዎች የዶሮ አጥንት አግኝተዋል። ዕድሜውም ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 9ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህም በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለዚህ ዶሮ በአገራችን 2,800 ዓመት ያህል ስትኖር ቈላውንም ደጋውንም ለምዳለች ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ጫጩት የማስፈልፈሉ ሥራ የዶሮይቱና የባልቴቶቻችን ነበር። ባልቴቲቱ እንቍላሉን በእህል ውስጥ ቀብራ ከሙቀትና ከመሰበር ትጠብቀዋለች፤ ለማስታቀፍ ስትፈልግ በጆሮዋ አጠገብ እየነቀነቀች የሚንቦጫረቀውን ትለያለች፤ ለዶሮይቱ የሚበቃውን ከ10 እስከ 13 የሚሆን ቈጥራ ጨለም ባለ ጥግ ታስታቅፋታለች። እንቍላል በማይበላበት በጾም ወራት የተጠራቀመውም ለዚሁ ሥራ ይውላል። ዶሮይቱ እንቍላሏን በመንቁሯ ታገላብጣለች፤ የደረቷን ላባ ከፈት አድርጋ በገላዋ ታሞቀዋለች፤ ለመብላትና ለመጠጣት ጥቂት ጊዜ ብቻ ተነሥታ ትመለሳለች። በዚህ ዓይነት በገጠር ከታቀፉት 10 እንቍላሎች 7ም 8ም ጫጩት ማግኘት የተለመደ ነው። ከተፈለፈሉ በኋላ ፈንግል፥ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ብዙውን ይጨርሱታል እንጂ በመፈልፈሉ በኩል የሐበሻ ዶሮ የምትታማ አይደለችም።

ሰው ያለ ዶሮ ጫጩት ማስፈልፈል በግብጽ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ በግብጽ እንቍላል በፍግ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚፈለፈል ጽፏል። ኋላም ግብጻውያን በጭቃ ጡብ የተሠሩ ትልልቅ ምድጃዎችን አቆሙ። ማገዶአቸው ጭድና የደረቀ የከብት እበት ነበር፤ የደብረ ብርሃን ሰው ዛሬም የሚያነድደውን ኩበት የመሰለ ማለት ነው። ቴርሞሜትር ስላልነበራቸው እንቍላሉን በዐይናቸው ቈብ ላይ አስጠግተው ሙቀቱን ይለኩ ነበር። ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ምስጢር ነበር።

የፈረንሳዩ ሊቅ ሬዖሙር በ1749 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ የግብጽ ባለ ምድጃ እንቍላል ከሚያመጣለት ሰው ጋር ሲዋዋል በ3 እንቍላል 2 ጫጩት ለመመለስ ብቻ ግዴታ ይገባ ነበር። አንባብያን ሆይ፤ ይህን ውል ልብ በሉት። ከ1,000 ዓመት በላይ ልምድ ያለው ባለሙያ እንኳ ከሦስቱ አንዱ ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ ያውቅ ነበርና በሦስቱ ሁሉ ቃል አይገባም ነበር።

ሬዖሙር ራሱ በፈረስ ፍግ በተከበበ በርሜል ውስጥ በቴርሞሜትር እየተቈጣጠረ ሞክሯል። ከዚያ በኋላ በ1879 በአሜሪካ በካሊፎርንያ ክፍል በፔታሉማ ከተማ ሊማን ባይስ የተባለ ሰው ለገበያ የሚሆን የመፈልፈያ መሣሪያ ሠራ፤ በ1881ም በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ሒርሰን ሙቀቱን ራሱ የሚቈጣጠር መሣሪያ አወጣ። እነዚህ መሣሪያዎች የዶሮን ገላ ተክተው ሲሠሩ፥ አርቢዎች ደግሞ ለመታቀፍ ጊዜ የማታጠፋ፥ ዓመቱን ሙሉ የምትጥል ዶሮ መርጠው ማራባት ጀመሩ። ኋይት ሌግሆርን የተባለችው ነጭ ዶሮ የዚህ ምርጫ ፍሬ ናት። ብዙ ትጥላለች፤ ነገር ግን መታቀፍን ትታዋለች። ስለዚህ የእርስዋ እንቍላል ወይ መሣሪያ ወይ የሌላ ዶሮ ገላ ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለ ዝርያ ወደ ሸዋ ከፍታ ቀደም ብሎ ያልደረሰው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱን ከአንኮበር ታሪክ መረዳት ይቻላል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) አንኮበር የሸዋ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። የውጭ አገር ዕቃ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በአፋር በረሓ በግመል ተጭኖ ከገደሉ ሥር እስከ ነበረው እስከ አልዩ አምባ ገበያ ይመጣ ነበር፤ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ወደ ላይ ይወጣል። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ለንጉሡ ብዙ ገጸ በረከት ይዞ በዚህ መንገድ ሲመጣ ከታጁራ እስከ ሸዋ ወሰን ከ6 ሳምንት በላይ ፈጅቶበታል።

ጠመንጃ ይህን መንገድ ይችለዋል፤ ጨርቅም ይችለዋል። እንቍላል ግን አይችለውም። አውራ ያገኘው እንቍላል በቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ መልካሙ ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው፤ ከ3 ሳምንት በኋላ ጥቂት ብቻ ይፈለፈላል። ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ ፅንሱ ያለ ጊዜው ማደግ ይጀምርና ሊሞት ይችላል። በአፋር ፀሐይ ሥር በግመል ጀርባ ለ6 ሳምንት የተንገላታ እንቍላል አንኮበር ቢደርስም ግም ሆኖ ነው የሚደርሰው።

በ1917 የምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን አዲስ አበባን በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ዋሻ በኩል ከደሴና ከአሥመራ የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ተሠራ። በ1946ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ጀመረ። በዚህ ዓይነት የሳምንቱ መንገድ የቀን፥ የቀኑም የሰዓት ሆነ። ከዚያም በ1953 እና በ1956 በአሜሪካ መንግሥት የፖይንት ፎር ርዳታ አማካይነት ሮድ አይላንድ ሬድ፥ ኒው ሐምፕሻየር፥ አውስትራሎርፕና ኋይት ሌግሆርን የተባሉ አራት የዶሮ ዝርያዎች ወደ ጅማና ወደ ዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ከዚያ ወዲህ የእርሻ ሠራተኞች ዘር ያለው እንቍላል፥ የአንድ ቀን ጫጩት፥ ቄብና አውራ ዶሮ ለገበሬው ሲያከፋፍሉ ኖረዋል። ከእነዚህ ሁሉ ለመሸከም የሚቀለውና በዋጋም የሚረክሰው እንቍላል ነው። ወዳጄም እንቍላልን የመረጠው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይሁን እንጂ መንገዱ አጠረ እንጂ ከፍታው አልቀነሰም። የነገሩ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ደብረ ብርሃን ግን 2,840 ሜትር ያህል ናት፤ ከዚያ ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም በአንዳንድ ስፍራ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። በስሌት ሲታይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ 100 ቢሆን በቢሾፍቱ 79፥ በደብረ ብርሃን 71 ያህል ነው። ለመተንፈስ የሚገኘውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል።

ሰው ይህን ከዐቀበት በቀር አያስተውለውም። በቅርፊት ውስጥ ያለ ፅንስ ግን እንደ ሰው ደጋግሞ በመተንፈስ የጐደለውን ሊያሟላ አይችልም። የእንቍላል ቅርፊት በዐይን የማይታዩ ወደ 10,000 የሚደርሱ ቀዳዳዎች አሉት። ፅንሱ ኦክሲጅን የሚያገኘው በእነዚህ ብቻ ነው፤ የእንቍላሉ ውሃም በተን የሚልበት በእነዚሁ ነው። በ21 ቀን ውስጥ እንቍላሉ ከክብደቱ ከመቶ 12 እስከ 14 ያህሉን በውሃ መልክ ሊያጣ ይገባዋል። ከዚያ ቢያንስ ጫጩቱ በውሃ ይታፈናል፤ ቢበዛ ይደርቅና ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። በሳሳ አየር ውስጥ ደግሞ ውሃ ፈጥኖ ይተናል። በቢሾፍቱ አየር ልክ የተሠራ ቅርፊት ደብረ ብርሃን ሲወጣ፥ የአየሩ ርጥበት እኩል ቢሆን እንኳ፥ ውሃውን ከመቶ 12 ያህል በበለጠ ፍጥነት ያጣል። በዚህ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የደብረ ብርሃን ደረቅ ውርጭ ሲጨመር ጕዳቱ ይበረታል።

ይህን ችግር ሰው የተገነዘበው ዛሬ አይደለም። እስፓኛውያን የፔሩን አገር በያዙ ጊዜ መሪያቸው ፒዛሮ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላትን ሐውሃ የተባለች ከተማ መቀመጫው አደረጋት። ነዋሪዎቹ ግን በ1534 ተሰብስበው በዚያ ብርድ አገር አሳማም፥ የፈረስ ውርንጭላም፥ ዶሮም ሊራባላቸው እንዳልቻለ አመለከቱ። ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይህም ተጨምሮ በጥር ወር 1535 መቀመጫው በባሕር ዳር ወደ ተቈረቈረችው ወደ ሊማ ተዛወረ። እስፓኛውያኑ ጥፋቱን በብርዱ ላይ ጣሉት፤ ዋናው ምክንያት የአየሩ መሳሳት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የኛ ታሪክ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ልዩ ነው። ከዚያ 80 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወሩ ኖረው በመጨረሻ በብርዳማው ደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ብዙ ዓመት ተቀመጡ። ፒዛሮ ከቈላ ያመጣት ዶሮ በአንድ ጊዜ ደጋ የወጣች እንግዳ ነበረች። የሸዋ ደገኛ ግን እንግዳ አልነበረም፤ ዶሮውም እንደ እርሱ ለብዙ ትውልድ ከፍታውን የለመደች ናት።

«መልመድ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በ1970ዎቹ በካሊፎርንያ ኋይት ማውንቴን በተባለው ተራራ ላይ በ3,800 ሜትር ከፍታ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ዶሮዎችን ሊቃውንት መርምረው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። የእነዚህ ዶሮዎች እንቍላል ቅርፊት ከቈላው ዶሮ ቅርፊት ይልቅ የጠበበ መተላለፊያ ነበረው፤ ስለዚህ በሳሳው አየር ውስጥ እንኳ ውሃው ከሚገባው በላይ አይተንም። ከዚህም በላይ ዶሮይቱ ራስዋ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ስትዛወር ከጊዜ በኋላ የምትጥለው እንቍላል ቅርፊት አዲሱን አገር እየመሰለ እንደሚሄድ ታወቀ። እንግዲህ የተጣለ እንቍላል አገር ሊለምድ አይችልም፤ ዶሮ ግን ትችላለች። ይህ አጭር ዐረፍተ ነገር የንግግሬ ሁሉ ማጠቃለያ ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ክስ እንመለስ። በጠየቅሁት ጊዜ የነገረኝ ይህ ነው። ቅርጫቱን በመኪና ጣራ ላይ ጭኖ አመጣ፤ እንደ ደረሰም በዚያው ሰዓት እንቍላሉን ከሣጥኑ አስገባ። ክፍሉ እንዳይበርድ በርና መስኮቱን ዘግቶ ከሰል አነደደ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው የውሃ ሳሕን ሁለት ጊዜ ደርቆ አገኘው። ሻጩ እንቍላሉ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ጽፎበት ነበር፤ ከ4 ቀን በላይ የቆየ አልነበረም። አንባብያን ሆይ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። እኔ እንደማየው ግን እንቍላሉ የሻጩን ቤት በደኅና ለቅቆ ወጥቶ መንገዱ አናወጠው፤ ከፍታው አስጨነቀው፤ ደረቁ አየር ውሃውን መጠጠው፤ ከሰሉም የቀረችውን ኦክሲጅን ቀማው።

ስለዚህ እንቍላል አስመጥቶ በቤቱ ለማስፈልፈል የሚፈልግ ሰው የሚከተለውን ቢጠብቅ ይጠቀማል።

በመጀመሪያ፥ እንቍላሉ ከተጣለ ከ7 ቀን ያላለፈው፥ ያልተሰነጠቀና ያልታጠበ ይሁን። በጕዞ ጊዜ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ በጭድ ወይም በካርቶን መደርደሪያ ይታሰር፤ በእግር አጠገብ ወይም በጕልበት ላይ ይያዝ እንጂ ጣራ ላይ አይጫን።

ሁለተኛ፥ እንደ ደረሰ ወዲያው አይሙቅ። በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ስፍራ በንቅናቄ ተናውጦ ይሆናልና ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሳይነኩ ማሳረፍ ይገባል። በዚህ በኩል የደብረ ብርሃን ብርድ ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው፤ ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ቅዝቃዜ ለማቆያ እጅግ ተስማሚ ነውና። ውርጭ ብቻ አያግኘው።

ሦስተኛ፥ ማራገቢያ ባለው ሣጥን ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ይሁን። እንቍላሉ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ይገላበጥ፤ በመጨረሻዎቹ 3 ቀኖች ግን አይነካ፤ ሣጥኑም ያለ ምክንያት አይከፈት። በ7ኛው ቀን በጨለማ ክፍል በሻማ ወይም በባትሪ ብርሃን እየታየ የደም ሥር ያልታየበት ይውጣ።

አራተኛ፥ ይህ ለደገኛ ዋናው ነው፤ ንጹሕ አየር እንደ ልብ ይግባ። ግን አየር ሲበዛ መድረቅ ይመጣልና የውሃው ሳሕን ሰፋ ያለ ይሁን፤ በየቀኑም ይታይ። መብራት ቢጠፋ ሣጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈንና የአየሩን ቀዳዳ ክፍት መተው ይሻላል እንጂ በዚያ ክፍል ከሰል ማንደድ ለጫጩቱም ለሰውም አደጋ ነው።

አምስተኛና ከሁሉ የሚሻለው፥ ደጋ ላይ የሚኖር ሰው በየጊዜው ከቈላ እንቍላል ከሚያስመጣ ይልቅ አንድ ጊዜ ፈንግልን የተከተቡ ቄቦችና አንድ አውራ ዶሮ ቢያስመጣ፥ ደጋውን ካለማመዳቸውም በኋላ እነርሱ የጣሉትን ለሐበሻ ዶሮ ቢያስታቅፍ ይጠቅመዋል። መታቀፍን የረሳችው እንግዳ ትጣል፤ መታቀፍን ያልረሳችው የአገር ልጅ ታሳድግ።

ወዳጄም በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። ክሱን ትቶ ከዚያው ሻጭ 8 ቄብና አንድ አውራ ገዛ። ወራት ካለፉ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ከተጣለው እንቍላል 24ቱን ወስዶ አንኮበር ላሉት አማቱ ሰጣቸው። እርሳቸውም ለሁለት የሐበሻ ዶሮዎች አካፍለው አስታቅፈው 17 ጫጩት አስረከቡት። ይህም የግብጹ ባለ ምድጃ ቃል ይገባበት ከነበረው ከሦስት ሁለት እጅ ጥቂት የሚበልጥ ነው። አማቱ ስለ አየር ግፊት የሰሙት ነገር የለም። «የአገሩን እንቍላል ለአገሩ ዶሮ» ብቻ ነው ያሉት።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ አዲስ ነገር ከውጭ ማምጣት መልካም ነው፤ አገራችን ከዚህ ብዙ ተጠቅማለችና። ነገር ግን የመጣው ነገር ሳይሰምር ሲቀር ቸኵሎ በሰው ላይ ከመፍረድ አስቀድሞ የወጣበትንና የገባበትን አገር መመርመር ይገባል። እንቍላል በእግሩ እስኪሄድ መታገሥ ያለብን በደጋም እንደ ሆነ አንርሳ።